ለጥየቃ የመጣ አሠሪ

ረቡዕ፣ የካቲት 2 ቀን 2003 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ከሚሴ ከተማ ውስጥ ባለ አንድ የማሾ ማበጠሪያ በር ላይ ዘበኛው አንድ ሠራተኛ እንዳይገባ ከለከለው። ሠራተኛው የማበጠሪያው ማሽን ኦፕሬተር ነበር፤ ዘጠኝ ዓመት በዚያ በር ገብቶ ወጥቷል። ታሞ፣ ኦፕራሲዮን ተደርጎ፣ ወደ ሥራው መመለሱ ነበር። በእጁ ደሴ የታከመበት ሆስፒታል የሰጠውን የሕመም ፈቃድ ወረቀት ይዟል።

እኔ ከበሩ ማዶ፣ አስፋልቱ ዳር ቆሜ ወደ ሰንበቴ የሚሄድ ሚኒባስ እጠብቅ ነበር። ስለዚህ በሩ ላይ የሆነውን በዓይኔ ነው ያየሁት።

ዘበኛው በሩን ገርበብ አድርጎ በክፍተቱ ቆመ። ሁለቱ ሰላምታውን አላጓደሉም። «አካም ጅርታ» ተባባሉ፤ ዘበኛው ስለ ቁስሉ ጠየቀ፣ ስለ ልጆቹ ጠየቀ፣ አልሐምዱሊላህ ተባለ። ከዚያ በኋላ ነው አገጩን ወደ በሩ ሳንቃ የቀሰረው። ሳንቃው ላይ ማኅተም ያረፈበት ማስታወቂያ ተለጥፏል።

«አንብበው፣ ወንድሜ። እኔ አልጻፍኩትም።»

«ምን ይላል?»

«ከአምስት ቀን በላይ ያለፈቃድ ስለቀረህ ተሰናብተሃል ይላል። ባታነበውም ይሻላል።»

«እና አልገባም?»

«እንዳታስገባው ተብያለሁ። በርጩማ ላውጣልህ? ቁስልህ ገና ነው፣ አትቁም።»

ኦፕሬተሩ ከበሩ ውጭ በርጩማው ላይ ተቀመጠ። ውስጥ ማሽኑ እየሠራ ነበር። ሌላ ሰው ተቀጥሮበታል ማለት ነው። ጥቂት አረፍ ብሎ ተነሳ፣ ዘበኛውን አመሰገነና ወደ ቤቱ ሄደ። የእኔም ሚኒባስ መጣ።

እኔና ኦፕሬተሩ አንድ ግቢ ውስጥ ነበር የምንኖረው። በዚያን ጊዜ ከዞኑ ለአንድ የሬዲዮ ጣቢያ ዜና እልካለሁ። በግቢው ጀርባ በኩል አንዲት ክፍል ተከራይቻለሁ፤ እሱ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር ፊት ለፊት ባሉት ሁለት ክፍሎች ይኖራል። ማበጠሪያው ከእኛ ግቢ ሩቅ አይደለም። ከጨፋ ሮቢትና ከዙሪያው ገበሬዎች የሚገዛው ማሾ በጆንያ ይመጣል፣ በማሽኑ ይበጠራል፤ ከዚያ ሴቶች በረድፍ ተቀምጠው ጠጠሩንና የነቀዘውን ይለቅማሉ፣ እንደገና ጆንያ ገብቶ ይጫናል። ከኅዳር እስከ መጋቢት ሥራ ይበዛል። ኦፕሬተሩ ከቀረ ማሽኑ ይቆማል፤ ማሽኑ ከቆመ ለቃሚዎቹ ሥራ ፈትተው ይቀመጣሉ። መቅረቱን ያላየ ሰው በማበጠሪያው ውስጥ አልነበረም።

ሕመሙ የጀመረው በጥር መጀመሪያ፣ አንድ ሐሙስ ማታ ነው። ሆዱን በቀኝ በኩል ወጋው። ዓርብ ሥራ አልገባም። ቅዳሜ ከተማው ውስጥ ያለ ክሊኒክ ሄዶ ታይፎይድ ነው ተባለ፤ መድኃኒትና ጥቂት ቀን እንዲያርፍ የሚያዝ ወረቀት ተሰጠው። ሰኞ ጠዋት መቆም ሲያቅተው ታላቅ ወንድሙና እኔ ደግፈን ሚኒባስ ላይ አሳፈርነው። ደሴ ሲመረመር ታይፎይድ አልነበረም። ትርፍ አንጀቱ ፈንድቶ ነበር። በዚያው ዕለት ኦፕራሲዮን ተደረገ፤ ቁስሉ መግል ስለያዘ ሆስፒታሉ ቶሎ አልለቀቀውም።

ክርክሩ ሁሉ በኋላ የተንጠለጠለው ግን በእሁዱ ላይ ነው፣ ደሴ ከመሄዱ በፊት ባለው ቀን።

እዚህ አገር ሰው ከታመመ ይጠየቃል። የሚጠራ የለም፣ የሚያስታውስ የለም፤ ወሬው በራሱ ይደርሳል። ጎረቤትም፣ የሥራ ባልደረባም፣ ኩርፊያ ላይ ያለ ሰው ሳይቀር ይመጣል። ጫማውን በር ላይ ያወልቃል፣ የያዘውን ያስቀምጣል፣ ጥቂት ይጫወታል፣ በመጨረሻ ዱአ ይደረጋል። የቀረ ሰው ስሙ ይነሳል፤ ለዓመታትም ይነሳል።

የማበጠሪያው ሥራ አስኪያጅ በዚያ እሁድ ከሰዓት በኋላ አስር ሰዓት ገደማ መጣ። ድርጅቱ የአንድ አዲስ አበባ ያለ ነጋዴ ነው፤ ሥራ አስኪያጁ ግን እዚሁ ከሚሴ ተወልዶ ያደገ፣ እናቱ ከገበያው ጀርባ የሚኖሩ ሰው ነው። ሁለት ለቃሚዎች አብረውት ነበሩ። ስኳርና ብርቱካን ይዟል። እኔ ከበሩ አጠገብ ተቀምጬ ነበር።

«ረቢ ሲ ሃፈይሱ» አለ ሳይቀመጥ፤ አላህ ያሽርህ ማለቱ ነው።

«አሚን። እሁድን እንኳ ሳያርፉ መጡ?»

«አንተ ተኝተህ የምን ዕረፍት? ማሽኑ ቆሟል። እነዚህ ሴቶች ከዓርብ ጀምሮ የሚለቅሙት ማሾ አይደለም፣ የሰው ስም ነው።»

«የእርስዎን አይደለም» አለች አንደኛዋ ለቃሚ። «እሱን ጨርሰነዋል።»

በሽተኛው ሊስቅ ሞክሮ ሆዱን ያዘ። ሰኞ ሥራ እንደሚገባ ተናገረ።

«አትቸኩል» አለ ሥራ አስኪያጁ። «ሥራው የትም አይሄድም፣ አንተ ብቻ ዳን።»

ሌላዋ ለቃሚ ፊቱ ከትናንት ይልቅ ዛሬ ፈካ ብሏል አለች። አልፈካም ነበር። ትናንትም አላየችውም። ከጎረቤት የመጡ አንድ ሽማግሌ ዱአ አደረጉ፤ ሥራ አስኪያጁ እጁን ዘርግቶ አሚን ይል ነበር። ከዚያ ሁሉም ተነስተው ሄዱ።

ይህ ሁሉ ሲሆን የኦፕሬተሩ ሚስት የክሊኒኩን ወረቀት በእጇ ይዛ ነበር። አንድ ጊዜ ልታቀብለው ብድግ አለች። የባሏ ታላቅ ወንድም በዓይኑ መለሳት። እሱ ጨፋ ሮቢት አካባቢ የሚያርስ፣ ወንድሙን ለማስታመም የመጣ ሰው ነው። እንግዶቹ ሲወጡ ጠየቀችው።

«ምነው ከለከሉኝ?»

«ሊጠይቅ የመጣን ሰው ወረቀት ታቀብይዋለሽ? ባሌ መታመሙን ካላመንክ እንካ አንብብ ማለት እኮ ነው። ነውር ነው።»

«ለመሥሪያ ቤቱ ነው እንጂ ለእሱ አይደለም።»

«መሥሪያ ቤቱ ማነው? እሱ አይደል? መጥቶ በዓይኑ አየ፣ ዱአ አደረገ፣ አትቸኩል አለ። ከዚህ ወዲያ ምን ይነገረዋል?»

ወረቀቱ ቡፌው ውስጥ ገባ። በማግስቱ ደሴ ሲኬድም ስለ ወረቀት ያሰበ ሰው አልነበረም። ሚስቱ ሆስፒታል ከረመች፤ ወንድምየው ልጆቹን ይዞ ቤት ጠበቀ። ለማበጠሪያው ቢሮ በጽሑፍም በቃልም የተነገረ ነገር የለም። ይህን ከሦስቱም ጠይቄ አረጋግጫለሁ።

ከበር የተመለሰ ዕለት ማታ ዝርዝሩን ከራሱ ሰማሁ፤ በማግስቱ አብሬው ሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮ ሄድኩ። የቢሮው ባለሙያ ሕጉን በቃሉ የሚያውቅ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነበር። የታመመ ሠራተኛ በዓመት ውስጥ እስከ ስድስት ወር ድረስ የሕመም ፈቃድ እንዳለው፣ በዚያ ጊዜ ታመምክ ተብሎ እንደማይሰናበት ነገረው። ሠራተኛውም ግዴታ አለበት፤ በቀረ ማግስት ለአሠሪው ማሳወቅ ይኖርበታል። ከዚህ ግዴታ ሕጉ ነፃ የሚያወጣው ማሳወቅ ያልቻለን ሰው ነው፣ ወይም አሠሪው ራሱ ሕመሙን ሊያውቅ በሚችልበት ሁኔታ ላይ ሲሆን ነው።

«ለድርጅቱ አሳውቀሃል?» ሲል ጠየቀው።

«አላሳወቅኩም።»

«ሰኞ ደሴ ገብተሃል፣ ከዚያ ወዲያ አልቻልክም እንበል። ቅዳሜስ? በእግርህ ክሊኒክ ሄደህ የለም? ድርጅቱ የሚሟገትህ በዚች ነው። ድርጅቱ የሚያውቅበት መንገድ ነበር?»

«ከተማው ያውቅ ነበር።»

«ከተማው አሠሪህ አይደለም። ሥራ አስኪያጁ ያውቅ ነበር?»

«እሱን እሳቸውን ይጠይቋቸው።»

ባለሙያው እኔን አየኝ። እኔ የመጣሁት እንደ ጎረቤት ነበር፤ ባለጉዳዩ ያልተናገረውን መናገር የእኔ ቦታ አልመሰለኝም። ባለሙያው ሁለቱን ወገኖች ለማስታረቅ ድርጅቱን ጠራ። ድርጅቱ ሰው አልላከም። ጉዳዩ ወደ ፍርድ ቤት አመራ።

የግቢው ክርክር የተጀመረው ያን ጊዜ ነው። የፍርድ ቤቱ አቤቱታ ሲጻፍ የምስክር ዝርዝር ይጠየቃል። ጸሐፊው ምስክር አለህ ሲለው ኦፕሬተሩ «የለኝም» ብሎ አስጻፈ። ሚስቱ ይህን የሰማችው ቤት ከተመለሰ በኋላ ነው።

«የለኝም? ቤቱ ሙሉ ሰው አልነበረም?»

«ለዱአ የገባ ሰው ነው። ፍርድ ቤት አልጎትተውም።»

«ምስክሮቹን እኮ ነው የምልህ። እሱን አይደለም።»

«ምን ብለው ሊመሰክሩ? ቤትህ ገብቶ ነበር፣ እንዲህ ብሎ ነበር ብለው አይደል? ያው እሱን ማስያዝ ነው። ነገ ማን በሽተኛ ቤት ይገባል?»

«ሥራው የትም አይሄድም አላለህም? አንተ በጆሮህ አልሰማህም?»

«ብሏል። ያቺ ሴትዮም ፊትህ ፈክቷል ብላኛለች። በማግስቱ ሆዴን ቀደዱኝ። በሽተኛ ፊት የሚባል ነገር ለፍርድ ቤት አይሆንም።»

«እሱ ከበር ሲያስመልስህ ዱአውን አስታወሰ?»

ወደ እኔ ዞረች፤ ደጃፌ ላይ ሸሚዝ እያሰጣሁ ነበር።

«አንተስ፣ ጎረቤት? እዚያው በሩ ሥር ተቀምጠህ አልነበር?»

«ነበርኩ። ፍርድ ቤት ከጠራኝ ያየሁትን እናገራለሁ።»

«ማን ያስጠራሃል? ይሄ?»

ኦፕሬተሩ አንገቱን ነቀነቀ፤ አይሆንም ማለቱ ነበር። ከእኔ ጋር ስለዚህ ጉዳይ ከዚያ በኋላ አልተነጋገረም። ሚስቱ ግን ልብስ ባጠበች ቁጥር፣ ውኃ በቀዳች ቁጥር ታነሳው ነበር። ያላት ነገር አንድ ብቻ ነው፤ ሌላ ማበጠሪያ ከተማው ውስጥ የለም፣ ባሏም ከማሽን ሌላ የሚያውቀው ሥራ የለም፣ በዚያ ቁስል ጆንያ መሸከም አይችልም። ይህ እውነት ነበር።

ሥራ አስኪያጁን በዚያው ሰሞን መናኸሪያው አጠገብ ባጃጅ ሲጠብቅ አገኘሁት። ለዜናው የእሱንም ወገን መስማት ነበረብኝ። ሰላምታው ረዘም አለ። ከዚያ ጠየቅኩት።

«የድርጅቱ ባለቤት ከአዲስ አበባ ደወለ» አለ። «ማሽኑ ለምን ቆመ አለኝ። ኦፕሬተሩ ታሟል አልኩ። ወረቀት አለ ወይ አለ። የለም አልኩ። እንግዲያው ከአምስት ቀን በላይ ቀርቷል፣ አሰናብትና ሌላ ቅጠር አለኝ። ቀጠርኩ። እኔ ምን ላድርግ?»

«ታሟል ካልከው ድርጅቱ አውቋል ማለት አይደለም?»

«ይኸውልህ፣ የስልክ ወሬ ነው። ይህን አትጻፈው።»

አልጻፍኩትም። በዚያን ጊዜ ከሁለተኛ ሰው ያረጋገጥኩት ነገር አልነበረም።

በመጋቢት መጀመሪያ የኦፕሬተሩ ቁስል እንደገና አበጠ። ሁለት ቀን ተኛ። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ በግቢው በር አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ ገባ፤ ሥራ አስኪያጁ ነበር። ብርቱካን ይዟል። ክሱ ተመሥርቶ የመጀመሪያው ቀጠሮ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ሚስትየዋ ደጃፉ ላይ ቆማ ጠበቀችው።

«ለሥራ ነው የመጡት ወይስ ለጥየቃ?»

«ለጥየቃ ነው፣ እቴ።»

«እንግዲያው ይግቡ።»

ጫማውን አውልቆ ገባ። ስለ ቁስሉ ጠየቀ፣ ስለ ደሴ መድኃኒት ጠየቀ፣ የጨፋ ሣር ዘንድሮ ማነሱን፣ ከብት መርከሱን አነሳ። ኦፕሬተሩም መለሰለት። ስለ ማሽኑ፣ ስለ በሩ፣ ስለ ፍርድ ቤቱ የተናገረ ሰው የለም። ታላቅ ወንድምየው ዱአ አደረገ፤ ሁለቱም አሚን አሉ። ሲወጣ ሚስትየዋ ብርቱካኑን ተቀብላ ለልጆቹ አከፋፈለች። ለእኔም አንድ ደረሰኝ።

ችሎቱ የዋለው በመጋቢት ሦስተኛው ሳምንት፣ ሐሙስ ጠዋት ነው። የዞኑ ፍርድ ቤት የሚሠራው በአፋን ኦሮሞ ነው። ዳኛው፣ ኦፕሬተሩ፣ ሥራ አስኪያጁ፣ ከኋላ የተቀመጥነው ሁላችን ቋንቋውን እናውቃለን። ድርጅቱ ከደሴ ያስመጣው ጠበቃ ግን አያውቅም። ስለዚህ አጠገቡ አስተርጓሚ ተቀምጦለት ነበር፤ አስተርጓሚው ጠንቃቃ ሰው ነው፣ ዓረፍተ ነገሩ እስኪያልቅ ይጠብቅና ነው የሚጀምረው።

የኋላ ወንበሮቹ ሞልተው ነበር። የማበጠሪያው ለቃሚዎች መጥተዋል፤ በዚያ ቀን ማሽኑ ለጥገና ቆሞ ነበር። ዱአ ያደረጉት ሽማግሌ መጥተዋል። ታላቅ ወንድምየው ከጨፋ ሮቢት መጥቷል። ሚስትየዋ የሆስፒታሉን ወረቀቶች በፌስታል ይዛ ከፊት ተቀምጣለች።

ጠበቃው ክርክሩን በአማርኛ አቀረበ፣ ወደ አፋን ኦሮሞም ተተረጎመ። የሆስፒታሉን ማስረጃ አልካደም። ሰውየው መታመሙንም አልካደም። ክርክሩ አጭር ነበር፤ ሠራተኛው በማግስቱ አላሳወቀም፣ ድርጅቱ የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም፣ ስለዚህ መቅረቱ ያለ በቂ ምክንያት እንደመቅረት ይቆጠራል። በደንብ የተዘጋጀ ክርክር ነበር።

ዳኛው ወደ ኦፕሬተሩ ዞረ።

«ለድርጅቱ አሳውቀዋል?»

«አላሳወቅኩም።»

«በሰውም አልላኩም?»

«አልላክሁም።»

«ድርጅቱ መታመምዎን ያውቅ ነበር ይላሉ?»

«እኔ አልልም። ድርጅቱን ይጠይቁልኝ።»

ከኋላዬ አንዷ ለቃሚ በረጅሙ ተነፈሰች። የሚስትየዋ ጀርባ አልተንቀሳቀሰም። በዚያች ደቂቃ ሰውየው ሥራውን አጥቶ ነበር ማለት ይቻላል፤ ምስክር የለውም፣ ማስታወቂያ አልሰጠም፣ ያለውን አንድ ነገርም አልናገርም ብሏል። ዳኛው ጥቂት ጻፈ። ከዚያ ቀና ብሎ ከጠበቃው አጠገብ ወደተቀመጠው ሥራ አስኪያጅ ተመለከተ።

«እርስዎ የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ ነዎት። ከሳሽ በታመመ ጊዜ ሄደው ጠይቀውታል?»

አስተርጓሚው ወደ ጠበቃው ጎንበስ አለ። ሥራ አስኪያጁ ብድግ አለ። ወደ ኋላ አንድ ጊዜ ዞሮ አየ፤ ለቃሚዎቹን፣ ሽማግሌውን፣ ወንድምየውን።

«ጠይቄዋለሁ እንጂ» አለ። «ታሞ ሳልጠይቀው? ሰው አይደለሁም እንዴ? እሁድ ነው የሄድኩት። ስኳርና ብርቱካን ይዤ ነው የሄድኩት። እነዚህም አብረውኝ ነበሩ።»

«እሁድ ሲሉ ከሥራ በቀረ በስንተኛው ቀን ነው?»

«በሦስተኛው ቀን። ዓርብ ቀረ፣ እሁድ ጠየቅኩት። በማግስቱ ነው ደሴ የወሰዱት። ከዚያም ወዲህ ሄጃለሁ። ሰሞኑን ቁስሉ አብጦ ሄጃለሁ፤ እሷን ይጠይቋት።» በእጁ ወደ ሚስትየዋ አመለከተ።

አስተርጓሚው ያን ጊዜ የመጀመሪያውን ጥያቄ ተርጉሞ ጨረሰ። ጠበቃው መቃወም እንደሚፈልግ በእጁ አሳየ፤ ጥያቄው የግል ማኅበራዊ ኑሮን የሚመለከት ነው አለ። ዳኛው ተቃውሞውን መዘገበ፣ መልሱ አስቀድሞ መሰጠቱንም መዘገበ። አስተርጓሚው መልሱን ለጠበቃው ነገረው። ጠበቃው እስክሪብቶውን ዘጋ።

ከችሎቱ ስንወጣ ጠበቃውና ሥራ አስኪያጁ በረንዳው ላይ ቆመው ነበር። ጠበቃው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር የሚናገረው፣ ቢሆንም ይሰማል።

«አላስታውስም ቢሉ በቂ ነበር። ነግሬዎት ነበር።»

«ነግረውኛል።»

«ታዲያ?»

«እናቴ እዚሁ ገበያው ጀርባ ናት፣ ወንድሜ። በሽተኛ አልጠየቀም ተብሎ ዛሬ ማታ እንዲነገራት ነው የሚፈልጉት? ያውም በፍርድ ቤት?»

ጠበቃው መነጽሩን ጠረገ። «ስኳሩንስ ማንሳት ምን አስፈለገ?»

«ባዶ እጄን ሄድኩ እንዳይባል ነዋ።»

ጠበቃው የደሴውን ሚኒባስ ሰዓት ጠየቀ። ሥራ አስኪያጁ ባጃጅ አስቁሞ ሸኘው።

ኦፕሬተሩ ይህን አልሰማም፤ ከሚስቱ ጋር ቀድሞ ወጥቶ ነበር። ማታ ግቢ ስንገናኝ ሚስትየዋ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ነበር።

«አየኸው?» አለችኝ። «አንተ ዝም አልክ፣ ይሄ አልናገርም አለ፣ እሱ ራሱ ተናገረው።»

«እኔ ዝም አላልኩም። አልተጠራሁም።»

«አዎ፣ አልተጠራህም። ብርቱካኑን ግን በልተሃል።»

ባሏ ከውስጥ ሳቀ። ሆዱን ይዞ መሳቁን ትቶ ነበር።

ውሳኔው የተነበበው በሚያዝያ ነው። ውሉ የተቋረጠው ከሕግ ውጭ መሆኑን፣ አሠሪው በሥራ አስኪያጁ በኩል ሕመሙን በዓይኑ አይቶ ያወቀ በመሆኑ ሠራተኛው ማስታወቂያ አልሰጠም ተብሎ እንደማይወቀስ፣ የታመመበት ጊዜ እንደ ሕመም ፈቃድ እንዲቆጠርና ወደ ሥራው እንዲመለስ ይላል። ድርጅቱ ይግባኝ አላለም። ያን ጊዜ የተቀጠረው አዲሱ ኦፕሬተር የሁለተኛው ማሽን ሠራተኛ ሆነ፤ ሁለተኛው ማሽን የመጣው በግንቦት ነው፣ እስከዚያ ጆንያ ሲሰፋ ቆየ።

ዜናውን አጭር አድርጌ ላክሁ። የሬዲዮ ጣቢያው አዘጋጅ ደውሎ ስለ ጥየቃው የሚናገረውን ዓረፍተ ነገር ማውጣቱን ነገረኝ፤ አድማጭ አይገባውም አለ። ያለዚያ ዓረፍተ ነገር ዜናው ምን እንደቀረው ጠየቅኩት። ሠራተኛው ወደ ሥራው ተመለሰ የሚለው በቂ ነው አለ። እንደዚያ ሆኖ ተላለፈ።

ኦፕሬተሩ በተመለሰ ሰሞን ከማበጠሪያው በር ላይ አሮጌው ማስታወቂያ ተነስቶ ሌላ ተለጠፈ። የታመመ ሠራተኛ ወይም ቤተሰቡ የሐኪም ማስረጃ በማግስቱ ለቢሮ እንዲያቀርብ ያዛል። ከሥር በተለየ መስመር የድርጅቱ ኃላፊዎች ለጥየቃ ወደ በሽተኛ ቤት መሄዳቸው እንደ ማሳወቅ አይቆጠርም ይላል። የሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳዩ ባለሙያ ያን መስመር ፍርድ ቤት ሊቀበለውም ላይቀበለውም እንደሚችል ነገረኝ። ዘበኛው ማስታወቂያውን ለሚጠይቀው ሁሉ ያነብ ነበር። ለቃሚዎቹ ካነበበላቸው በኋላ አንደኛዋ «እንግዲህ ከአሁን ወዲያ ሥራ አስኪያጁ ሲመጣ አላየንህም እንበለው?» ብላ ጠየቀችው። ዘበኛው እሱን እንዳልጻፉበት መለሰ።

በሚቀጥለው ዓመት ኅዳር ላይ ከለቃሚዎቹ አንዷን ወባ ጣላት። ፊትህ ፈክቷል ያለችው ናት። ቤቷ ከቦርከና ወንዝ ወዲህ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። በታመመች በማግስቱ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ሥራ አስኪያጁ፣ ኦፕሬተሩና እኔ በአንድ ባጃጅ ሄድን። ስኳሩን የያዘው ኦፕሬተሩ ነበር። እናቷ በር ላይ ተቀበሉን። ጫማችንን አወለቅን። እኔና ኦፕሬተሩ ገብተን ተቀመጥን፤ ሥራ አስኪያጁ ደፉ ላይ እንደቆመ ቀረ።

«ይግቡ እንጂ» አሉት እናትየዋ።

«እገባለሁ። ወረቀቱስ አለ?»

እናትየዋ ልጃቸውን አዩ። በሽተኛዋ ከተኛችበት በእጇ ወደ ትራሷ አመለከተች። እናትየዋ ከትራሱ ሥር የክሊኒኩን ወረቀት አውጥተው ሰጡት። አጣጥፎ የደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው፣ ገብቶ ከኦፕሬተሩ አጠገብ ተቀመጠ፣ ሁለት እጁንም ለዱአ ዘረጋ።